የቆርቆሮ ጨረቃ

ዳስ የሚጣለው ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ነው። ሰማይ ላይ የተጣለው ዳስ ለየትኛው እንደሆነ ግን የቃሎ አምባ ሰዎች እስከዛሬ አልተስማሙም።

ዳሱን በሚጥለው መሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ሌላ ረጅም ስም አለው፤ በእሱ የሚጠራው ሰው የለም። ጧት ጧት ነጫጭ አውሮፕላኖች ከምሥራቅ ይመጣሉ፤ ከደመና በላይ የፀሐይዋን ሙቀት የሚያበርድ ዱቄታቸውን በትነው ይመለሳሉ። ሰማዩ አጓት የመሰለው በእነሱ ነው። የሰው ጥላ መሬት ላይ ደህና አድርጎ አይወድቅም፤ ከእግር ሥር እንደ ውኃ እድፍ ተከትሎ ይሄዳል እንጂ። ልጆች ፀሐይን ሲስሉ ክብ ያወጡና ውስጡን ባዶ ይተዉታል።

አሊጋዝ ይመር ጣሪያ ቀቢ ነው። አዋጁ በጋ ሳይገባ ማንኛውም ጣሪያ በኖራ እንዲነጣ ያዛል። ክረምቱ ያጥበዋል፤ አሊጋዝ ይመለስበታል። ሰውየው በአምባው የታወቀው ግን በኖራው ሳይሆን በአፉ ነው። ሁለተኛውን ቅብ ሳይደግም "ጨርሻለሁ" ብሎ ከመሰላል ወርዶ አያውቅም። "አሊጋዝ አለ ካለ አለ ነው" ይባልለታል።

በዚያ ሳምንት የሸህ ሙህየዲንን መስጊድ እየቀባ ነበር። መስጊዱ ከአምባው ከፍተኛ ቦታ ላይ ነው። ከሚናራው ጫፍ የቆርቆሮ ጨረቃ ተተክላለች። የሆነ ዓመት የጣለ በረዶ ወደ ቀኝ ጎኗ አስተኝቷታል፤ የግራ ቀንዷንም ጫፍ ሰብሮ ወስዶታል። አሊጋዝ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀባው እሷን ነው። በአንድ እጁ አንገቷን አቅፎ በሌላው ኖራ ያስነካታል።

"አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ጨረቃ ምን እንደምትመስል ይጠፋን ነበር" ይላታል።

አልቀለደም። ዳሱ ሲጣል እሱ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ሙሉ ጨረቃ በዳሱ ውስጥ አልፋ እንደ ቅቤ ጠብታ ደብዝዛ ትታያለች። የወሩ መጀመሪያ ለጋ ጨረቃ ግን፣ ያቺ ቀጭኗ፣ ከአሊጋዝ ዕድሜ በታች ያለ ሰው አይቷት አያውቅም። የወሩን መግቢያ መሥሪያ ቤቱ በመሣሪያ አይቶ ይልካል፤ መስጊዱ በር ላይ ይለጠፋል፤ ሰው አንብቦ ይጾማል።

የነገሩ ሁሉ መነሻም ይኸው ነበር።

*

ሕዝቡ ባለሙያዎችን ማመን ካቆመ በኋላ የወጣ ሕግ አለ። ዳሱ በየሰባት ዓመቱ እንዲታደስ የየአካባቢው የሃይማኖት አባቶች መፍቀድ አለባቸው። ካልፈቀዱ አውሮፕላኖቹ ያንን ሰማይ ይዘሉታል። የቃሎ አምባ ፈቃድ ከአምባው ጀምሮ ቆላውን ይዞ እስከ ባቲ ያለውን ሰማይ ይሸፍናል።

በአምባው ደግሞ ከጥንት የመጣ ልማድ አለ። ትልቅ ነገር ሲዘጋ መሐል ላይ ጋቢ ይነጠፋል፤ ካህኑ መስቀላቸውን፣ ሸሁ መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰበሃቸውን፣ ያኖሩበታል። አንዱ ካላኖረ ሌላው አያኖርም። የደም እርቅም፣ የድንበር ነገርም እንዲሁ ነው የተዘጋው። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ በቅጹ ላይ "ጋቢ" የሚል ሣጥን ጨመረ።

ዘንድሮ ጋቢው ከተነጠፈ ቀናት አልፈዋል። ባዶውን ነው ያለው።

የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ መምሬ ይትባረክ በቀኝ፣ ሸህ ሙህየዲን በግራ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ሽማግሎች ናቸው፤ ልጅ ሆነው አንድ ወንዝ ውስጥ የዋኙ፣ ወንዙ ሲደርቅም አብረው ያዩ። ሰው ፊት ይከባበራሉ፤ "አንቱ" ነው የሚባባሉት። ከመሥሪያ ቤቱ የተላከችው ኢንጂነር ፍሬሰላም መሐላቸው ተቀምጣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ታያለች። ሕዝቡ እስከ በሩ ድረስ ሞልቷል። አሊጋዝም ከኋላ ቆሟል፤ እጁ ላይ ኖራው አልለቀቀም።

"ደመና ቢሆን ነገር አልነበረኝም" አሉ ሸሁ። "ሰማይ ከተጋረደባችሁ ወሩን ሠላሳ ሙሉ ተብለናል። ግልጽ ነው። ግን ደመና መጥቶ ልምጣ ወይ ብሎ ጠይቆን ያውቃል? ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ደመና አይደለም፤ መጋረጃ ነው። ሰው ደግሞ በኔና በፈጣሪዬ መሐል መጋረጃ ጥሎ፣ ወሬውን እኔ ልንገርህ ሲለኝ አልወድም።"

"መጋረጃውስ ለምን ተጣለ?" አሉ መምሬ። "ምድሪቱን ያነደድናት እኛው አይደለን፣ ያ ሸህ? እኛው በኃጢአታችን።"

"እኮ! ቤትዎ ሲቃጠል መስኮቱን ነው የሚጋርዱት?"

"ሕፃን ውስጡ ካለ ያገኘሁትን አደርጋለሁ።"

ከኋላ አንዱ "እሰይ መምሬ!" አለ። ሌላው "አንተ ደግሞ ዝም በል፣ ኳስ ሜዳ መሰለህ?" አለው።

ኢንጂነሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ጨረቃዋ በመሣሪያ ትታያለች እኮ፣ ሸህ ሙህየዲን። ስህተት የለውም።"

"ልጄ፣ መሣሪያሽ ይጹምልኛ እንግዲህ።"

አዳራሹ ሳቀ። መምሬ ይትባረክ ግን አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ቆዩና ቀስ ብለው ተናገሩ። በድምፃቸው ውስጥ ያለው ነገር ሳቁን ቆረጠው።

"አውሮፕላኖቹ ተበላሽተው የቆሙ ጊዜ ቆላ የወረድነው አብረን ነው። አንተ የቃሬዛውን አንዱን ጫፍ ይዘህ፣ እኔ ሌላውን። ክርስቲያኑንም እስላሙንም። ረሳኸው? ሙህየዲን፣ ረሳኸው ወይ?"

አንተ ማለታቸው ነበር ሰውን ያስደነገጠው። ሸሁ ሙሰበሃቸውን ጨበጡ። ፊታቸው ግራጫ ሆነ።

"አልረሳሁም" አሉ። "ሌሊት ሌሊት የማየው እሱን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እላለሁ። ነገ ሻዕባን ሃያ ዘጠኝ ነው። ነገ ማታ ለጋዋ ከታየች ረመዳን ይገባል። አንድ የታመነ ሰው በባዶ ዓይኑ ካያት መጋረጃ አይደለም ማለት ነው፤ ሙሰበሃዬን አኖራለሁ። ካላያት አላኖርም።"

"ሰው ሁሉ ይውጣና ይይ!" አለ አንድ ጎረምሳ።

"አምና ወጥታችሁ 'አየን! አየን!' ያላችሁት የመንገደኛ አውሮፕላን ነበር" አሉ ሸሁ። "ለረመዳን መግቢያ አንድ ታማኝ ምስክር ይበቃል። አሊጋዝ ይሂድ።"

አሊጋዝ ዘወር ብሎ ከኋላው ሌላ አሊጋዝ ይኖር እንደሆነ አየ። የለም።

"ያ ሸህ፣ እኔ… የኔ ልጅ ባቲ ናት።"

"ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ቆላ ሰው የሌለው ማን አለ? እጁን ያውጣ።"

እጅ አልወጣም።

"በል እንግዲህ" አሉ ሸሁ።

*

በማግስቱ ከቀትር በኋላ መዲና ደወለች። የአሊጋዝ አንድ ልጁ ናት፤ ባቲ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። ድምፅዋ የታፈነ ነበር፤ ከቀን ቤት ነው የምትደውለው። ባቲ ውስጥ ሰው የሚኖረው በሁለት ቤት ነው። የላይኛው የማታ ቤት ነው። የቀን ቤት ከመሬት በታች ነው። ጧት "ግቡ" የሚለው ጥሩምባ ሲነፋ ገበያው ተጠቅልሎ፣ ፍየሉም ዶሮውም ሰውም አብሮ ይወርዳል፤ "ውጡ" እስኪል ድረስ በመብራት ይቀመጣል። ይህ ዳሱ ባለበት ነው።

"አባ፣ ትላንት ጥሩምባው ቶሎ ነፋ። ዛሬ ደግሞ ከትላንት ቀደመ።"

"ውኃ አላችሁ?"

"አለ። አባ… አንተን ነው አሉ የላኩህ? እውነት ነው?"

"አዎ።"

ከመዲና ኋላ ፍየል አስነጠሰች።

"ምንም እንድትል አልነግርህም" አለች። "ብቻ እኔ መንገድ የምችል አይደለሁም። አዋላጇ እንዳትነቃነቂ ብላኛለች። ወደ አምባው ልውጣ ብልም አልችልም። እንድታውቀው ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እማ እዚሁ ቤት ነው የተኛችው። ያን ጊዜ። በዚህ ምንጣፍ ላይ።"

"አውቃለሁ አልኩሽ፣ መዲና! ውኃ ጠጪ።"

ስልኩን ዘጋው። እናቷ ልጇን ልትጠይቅ ወርዳ ሳለች ነበር አውሮፕላኖቹ የቆሙት። ወደ ቀን ቤት ቢገቡም ሙቀቱ ደረጃውን ተከትሎ ወረደ። አሊጋዝ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው።

*

የምዕራቡ ገደል አፋፍ በመሥሪያ ቤቱ አጥር ተከልሏል። ኢንጂነር ፍሬሰላም በሩን ከፍታ አስገባችው። ከአጥሩ ውስጥ ከነጭ ሣጥን የወጣ አንድ ቱቦ ወደ ሰማይ አፍጥጦ ተቀምጧል። አሊጋዝ ጫማውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ አያውቅም። መሬቱ ገና ትኩስ ነበር፤ መልሶ አጠለቀው።

ፀሐይ ስትወርድ ሰማዩ ቀላ። ዳሱ ከተጣለ ወዲህ የምሽት ቅላት እንደ ጥንቱ አይደለም ይባላል፤ ከአድማስ እስከ አናት ድረስ ሁሉንም ይይዛል፤ የሰው ጥርስ ሳይቀር ይቀላል። አሊጋዝ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ከቅላቱ በላይ ፈለገ። ከቅላቱ በታች ፈለገ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ዓይኑ ውኃ አቀረረ። ጠረገው፤ ኖራ ገባበት፤ ተቃጠለ።

"ጋሽ አሊጋዝ" አለች ኢንጂነሯ። "እዚያ ጋ ናት። ያቺ የተሰነጠቀች የመሰለች ተራራ ትታይዎታለች? ከሷ ከፍ ብሎ። መሣሪያው ይዟታል።"

አሊጋዝ አየ። ተራራው አለ። ቅላቱ አለ።

"ይታይዎታል?"

"ቆይ።"

ቆዩ። ቅላቱ ወደ ቡናማ ሄደ። ከአምባው ላይ የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ውሻ እንኳ አልጮኸም። ሁሉም አዳራሹ ዙሪያ ነው ያለው።

"ጋሽ አሊጋዝ፣ አንድ ነገር ልበልዎት? እንደ ልጅዎ ይዩኝ። ጨረቃዋ አለች። አየሁ ቢሉ የሌለ ነገር አላወሩም።"

"አላየኋትማ።"

"ግን አለች።"

"አለች ወይ ብለው አልላኩኝም፣ ልጄ። አየህ ወይ ብለው ነው።"

ፍሬሰላም ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ስትናገር ድምፅዋ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው አልነበረም።

"እኔ የቆላውን ሒሳብ ነው የምሠራው። ዳሱ ከተነሣ ጥሩምባው ስንት ሰዓት እንደሚነፋ አስልቼዋለሁ። ባቲ ውስጥ 'ውጡ' የሚል ጥሩምባ አይኖርም። ከዚህ በላይ ምን ልበልዎት?"

ጨለመ። ከተራራው በላይ ምንም አልነበረም። አሊጋዝ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ወደ ባቲ። እዚያም ጨለማ ነው፤ ግን ከጨለማው ውስጥ ጥቃቅን መብራቶች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ሰው ከቀን ቤቱ እየወጣ ነበር።

*

አዳራሹ ሲገባ መንገድ ከፈቱለት። ጋቢው መሐል ላይ እንደተነጠፈ ነው። ሸሁ ከመግሪብ ሶላት ተመልሰው ተቀምጠዋል። መምሬ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

"አሊጋዝ ይመር" አሉ ሸሁ። "አየህ?"

መንገዱን በሙሉ "አላየሁም" የሚለውን ቃል ይዞት ነበር የመጣው። አፉ ውስጥ አዘጋጅቶት። በሩ ጋ ሲደርስ ግን አንዲት ሴትዮ፣ የቆላ እህት ያላት ጎረቤቱ፣ እጅጌውን ነካችው። ነካችው ብቻ።

"ወላሂ አይቻለሁ" አለ።

አዳራሹ ውስጥ ትንፋሽ እንደ ነፋስ ወጣ። መምሬ አማተቡ። አንዲት ሴት እልልታ ጀምራ በመዳፏ አፏን ያዘች።

ሸሁ ግን እጃቸውን አነሱ። "ልማድ ነው፤ ልጠይቅህ። የት ጋ ነበረች?"

"ከተሰነጠቀው ተራራ ከፍ ብሎ።"

ኢንጂነሯ ራሷን ነቀነቀች። "ልክ ነው፤ መሣሪያውም…"

"ቆይ፣ ልጄ። አሊጋዝ፣ እንዴት ሆና ነው ያየሃት? ቀንዶቿ ወዴት ያያሉ?"

አሊጋዝ ይህን አላሰበበትም ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። ጨረቃ ብሎ የሚያውቀውን ፈለገ። ወዲያው መጣችለት፤ በጣም ቅርብ ነበረች፤ በእጁ ያቀፋት ያህል።

"በቀኝ ጎኗ ተኝታ" አለ። "ቀጭን ናት፣ ነጭ። የቀኙ ቀንድ ወደ መሬት ያያል። የግራው ወደ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ…" እንዲያምኑት ፈለገ፤ ያየ ሰው እንደሚያደርገው ጨመረበት፤ "እሱ ደግሞ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎደሎ ነው። የተቆረሰ ይመስላል።"

ሸሁ ያነሱትን እጃቸውን አወረዱ።

የመስጊዱ ሙአዚን መጀመሪያ ቀና አለ፤ ቀጥሎ መልሶ አንገቱን ደፋ። ከኋላ አንድ ሰው "ያ አላህ" አለ፣ ለራሱ። ዝምታው ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ አሊጋዝ አየው። ያን ጊዜ ነው የገባው። አዳራሹ ውስጥ በዚያ ሚናራ ሥር ጫማውን ያላወለቀ እስላም የለም፤ በዚያ ሲያልፍ ቀና ያላለ ክርስቲያንም የለም።

"አሊጋዝ" አሉ ሸሁ በጣም ቀስ ብለው። "ያቺን ጨረቃ እኔም አውቃታለሁ። ሁላችንም እናውቃታለን። ቆርቆሮውን የገዛነው አዋጥተን ነው።"

አሊጋዝ ባለበት ቀረ፤ ድምፅ ሁሉ ራቀው። ሲመለስለት መምሬ እየተናገሩ ነበር።

"… ልጁ ባቲ ናት። ሚስቱን እዚያው ነው የቀበርናት። በዚህ ሰው አትፍረድ፣ ሙህየዲን።"

"አልፈርድበትም?" አሉ ሸሁ። "የጨረቃ ምስክር ነው እኮ! አገር ሁሉ በሱ ቃል ነገ ሊጾም ነበር። በአላህ ስም ምሎ!" ወደ አሊጋዝ ዞሩ። "ምስክርነትህን አልተቀበልኩትም። ከዛሬ ጀምሮ በኔ ፊት ለምንም ነገር ምስክር አትቆምም። ለመሬትም፣ ለደምም፣ ለኒካህም። ሰማህ?"

"ሰማሁ፣ ያ ሸህ።"

"ጨረቃ አልታየችም። ሻዕባን ሠላሳ ይሞላል። ነገ ጾም የለም።"

ሰው እግሩ ሥር መሬቱ የተነሳበት ያህል ተንጫጫ። ከኋላ ለቅሶ ተጀመረ፤ የቆላ ሰው ያለው ሁሉ የሚያለቅሰው ለቅሶ። አንዱ የሸሁን ስም ጠርቶ ተሳደበ። ኢንጂነር ፍሬሰላም ቅጿን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሸሁ ግን አልተነሱም። ሙሰበሃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩታል።

"ይትባረክ" አሉ። እሳቸውም አንቱ አላሉም። "አንድ ነገር ተበላሽቷል።"

"ምን?"

"ሰማይን ልፈትን ብዬ ሰው ፈተንኩ። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው መርጬ፣ በልጁና በመሐላው መሐል አቆምኩት። ይህን ያደረገው መሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ አውሮፕላንም አይደለም። እኔ ነኝ። ሠላሳ ይሞላል ስል አፌን ሰማሁት። ይኼ ሕግ ሰማይ ለተጋረደበት ሰው የተሰጠ ነው። ማን ጋረደው ብሎ የሚጠይቅ ነገር የለውም። እኔ ነኝ ስጠይቅ የከረምኩት።"

ተነሱ። ሙሰበሃውን ጋቢው ላይ አኖሩ።

ኢንጂነሯ ቅጿን ከቦርሳዋ መልሳ አወጣች።

"ግን ሰባት ዓመት አይሆንም" አሉ ቀና ብለው። "አንድ ዓመት።"

ኢንጂነሯ ግራ ተጋባች። "ሸህ ሙህየዲን፣ ቅጹ ላይ አንድ ዓመት የሚባል…"

"የሰርግ ዳስ ሳምንት ነው የሚቆየው። የለቅሶም ቢሆን ይነሣል። ሰባት ዓመት የሚቆም ዳስ ቤት ነው፤ ሰው ይለምደዋል። በየዓመቱ መጥታችሁ በየዓመቱ ጠይቁን። በየዓመቱ እዚህ ቁጭ ብለን እንጨነቅ። ቅጹን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፣ እናንተው አርሙት።"

መምሬ ይትባረክ መስቀላቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ሳሙት። ከሙሰበሃው አጠገብ፣ ሊነካው ምንም ሳይቀረው፣ አኖሩት።

አሊጋዝ ሲወጣ መንገድ ከፈቱለት። ሲገባ እንደከፈቱለት አይደለም።

"አሊጋዝ" አሉ ሸሁ ከኋላው። "ጣሪያዬ አላለቀም። ነገ መጥተህ ጨርስ።"

*

በማግስቱ ሻይ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች ባልዲውን ይዞ ሲያልፍ አዩት።

"አሊጋዝ! ዛሬስ ስንት ጨረቃ ታየህ?"

"ተወው፣ አቦ። ቆርቆሮ ሊቆጥር ነው የሚሄደው።"

"ለኔም አንዷን አውርድልኝ፣ ቤቴ ያፈሳል!"

አሊጋዝ መስጊዱ ጋ ደርሶ መሰላሉን ሲያቆም መዲና ደወለች። ወሬው ከሱ ቀድሞ ባቲ ወርዷል።

"አባ፣ ለኔ ብለህ ነው?"

"ጥሩምባው ስንት ሰዓት ነፋ?"

"እንደ ትላንቱ። አባ፣ መልስልኝ።"

"ውኃ ጠጪ አልኩሽ።"

"ልጄ ሲያድግ ኒካሁን ማን ይመሰክርለታል?"

"ያልተወለደ ልጅ ትድሪያለሽ? መጀመሪያ ይወለድ።"

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነ። ስልኩን ዘጋው።

ቀኑን ሙሉ ቀባ። አንደኛውን ቅብ፣ ሁለተኛውን ቅብ። ሰዎች ከታች እየገቡና እየወጡ ቀና አይሉም ነበር። ፀሐይ ስትወርድ ሚናራው ብቻ ቀረው። ወጣ። የቆርቆሮዋን አንገት እንደ ወትሮው ሊያቅፍ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። በዓይኗ የምታየው መሰለው።

ሰማዩ ቀላ። ከዚያ ቅላቱ ወደ ቡናማ ሲሄድ፣ ከተሰነጠቀው ተራራ በላይ አንድ ነገር ነበረ።

አሊጋዝ መጀመሪያ የዓይኑ ኖራ መሰለው። ጠረገው። አለች። ጠረገው። አለች። ፀጉር ነው የምታህለው፤ ግን ዳር ዳሯ የተሳለ ነበር። በጎኗ አልተኛችም። በጀርባዋ ነው የተኛችው። ሁለቱ ቀንዶቿ እኩል ወደ ላይ ተነሥተዋል፤ ለዱአ የተዘረጉ ሁለት መዳፎች ይመስላሉ። ምንም አልጎደላትም።

"አየ…" አለ፤ የቀረውን ቃል ዋጠው።

ከታች ሰው ለመግሪብ እየተሰበሰበ ነው። ሠላሳው ሞልቷል፤ ነገ ጾም ነው፤ ጨረቃ የሚፈልግ አንድም ሰው የለም። ጠቅላላ አምባው ላይ ወደ ምዕራብ የሚያየው እሱ ብቻ ነበር። ቢጮኽ ማን ይቀበለዋል? አንድ ጊዜ አየሁ ብሏል።

ተራራው ጀርባዋን ሲነካት ባልዲውን አንጠለጠለ። ከዚያ ወደ ቆርቆሮዋ ዞረና በሁለት እጁ ያዛት። ዝገቷ አቃሰተ። ሳብ አደረጋት፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳትሰበር። በቀኝ ጎኗ የተኛችውን አቃንቶ በጀርባዋ አስተኛት። ሁለቱ ቀንዶች እኩል ወደ ሰማይ ሆኑ። የተሰበረውን ጫፍ እንዳለ ተወው። ሁለተኛውን ቅብ ደገመላትና ወረደ።

በማግስቱ፣ በረመዳን የመጀመሪያ ጧት፣ ሸህ ሙህየዲን ከሱብሒ ሶላት ወጥተው ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቀና አሉ። አንዱ እግራቸው ባዶ እንደሆነ ቀረ።

አሊጋዝ መሰላሉን ሊወስድ መጥቶ ነበር።

"ማነው ያቃናት?" አሉት።

"እኔ ነኝ፣ ያ ሸህ።"

"እንዲህ እንደምትተኛ ማን ነገረህ?"

አሊጋዝ መሰላሉን ትከሻው ላይ አደረገ። ሸሁ ይጠብቃሉ። ሙአዚኑ ይጠብቃል።

"እኔ ምስክር አይደለሁም" አለ። "ቀቢ ነኝ።"

ሄደ። ሸሁ ከኋላው አልጠሩትም። እዚያው በአንድ ጫማ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። "ልጅ ሆኜ ሰማይ ላይ ሳያት እንዲሁ ነበረች" አሉ፣ ለሙአዚኑ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። በዚያ ሰዓት ነጫጮቹ አውሮፕላኖች ከምሥራቅ መጡ፤ በሚናራው አናት ላይ ዱቄታቸውን እየበተኑ አለፉ። ሸሁ ዓይናቸውን ከቆርቆሮዋ ላይ አላነሱም።